የማኅሌት ጉርሻ

ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ የመጡ የመሥሪያ ቤታችንን እንግዶች ይዤ፣ ከሐይቁ ማዶ ወዳለች አንዲት ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን በጀልባ ተሻግሬ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። በሩ ሲከፈት የእርጥብ ቄጤማና የሌሊት ወፍ ሽታ አንድ ላይ ተቀበለኝ። ሸምገል ያሉ አንድ መሪጌታ የግድግዳውን ሥዕሎች በመቋሚያቸው ጫፍ እየጠቆሙ ያስረዳሉ።

«እኒህ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው» አሉ። «ልብስ አልለበሱም፤ እግዚአብሔር ጠጉር አልብሷቸዋል።»

እንግዶቹ አንገታቸውን አስግገው አንበሶቹንና ነብሮቹን ይቆጥራሉ። እኔ ግን የታየኝ የእህቴ ክንድ ነው። አንዷ ዘወር ብላ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። የሌሊት ወፍ ሽታ አልወድም ብዬ ዋሸኋት።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እህቴ ማኅሌት ዐሥራ ስድስት። አባዬ የፋብሪካ መካኒክ፣ እማዬ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናቸው። ቤታችን ከጣና ብዙም አይርቅም፤ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ሲመጣ የዓሣው ሽታ ቀድሞን ቤት ይገባል። ሁለታችን በአንድ ክፍል፣ በአንድ አልጋ ነበር የምንተኛው። እርሷ ሁሌ ግድግዳው ሥር፣ እኔ ጫፍ፤ የወደቅኩ እንደሆነ ግን የምትወቀሰው እርሷ ነበረች።

ነገሩ ከየት ጀመረ ቢሉኝ ከእትዬ የሽ እላለሁ። ሐኪሟ ኋላ «ይህ በሽታ የሚገባበት በር አንድ ብቻ አይደለም» ብላናለች፤ የልጅ ትዝታ ግን አንድ በር ይወዳል። እትዬ የሽ የአባዬ ታላቅ እህት ናት። ግንቦት መጨረሻ ላይ ከዱርቤቴ ቆሎና ቅቤ ይዛ መጣች፤ ማኅሌትን ከደጃፍ ስታያት እጇን ዘርግታ እልል ልትል ጥቂት ቀራት።

«ውይ የኔ ዓለም! ወፈርሽ! እሰይ፣ ተመቸሽ! እንዲህ ነው እንጅ ልጅ!»

ለዱርቤቴ ሰው ከዚህ በላይ ምርቃት የለም። ማኅሌትም ፈገግ ብላ ተሳለመቻት። ከዚያ ክፍላችን ገብታ ቁምሳጥኑ መስታወት ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመች። እኔ በራሷ እየተደነቀች መስሎኝ፣ ከኋላዋ ሆኜ ምላሴን አወጣሁባት። አልሳቀችም። በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤት ውስጥ ሴቶቹ በስልክ ተነሥተው፣ ፎቶውን አስፍተው የማን ወገብ ቀጭን እንደሆነ ይፎካከሩ እንደነበር የሰማሁት ብዙ ቆይቶ ነው።

የሰኔ ፆም ገባ። ቤታችን ያን ፆም የሚፆመው አባዬ ብቻ ነበር፤ እርሱም ሲመቸው። በዚያ ዓመት ማኅሌት አብሬ እፆማለሁ አለች። ጧት ተነሥታ በእግሯ ኪዳን ታደርሳለች፤ ከዚያ ሐይቁን ዞራ፣ ጫማዋ ጭቃ ጠጥቶ ትመለሳለች። እማዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራች። አባዬ «ይቺ ልጅ መመንኰሷ ነው» እያለ ይቀልዳል፤ ቀልዱ ውስጥ ኩራት ነበረበት። የንስሐ አባታችን መምሬ ጥሩነህ ሳይቀሩ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበት ተማሪዎቹን ሰብስበው «እንደ ማኅሌት ሁኑ» አሉ። እርሷ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን «እህቴ ናት!» ብዬ አጠገቤ ያለችውን ልጅ በክርኔ ጎሸምኳት።

በአንድ ትሪ የሚበላ ቤት ማን ስንት ጎረሰ ብሎ አይቆጥርም። መቁጠር ነውር ነው። ማኅሌት ይህን በደንብ ተጠቀመችበት። አጠገቤ ትቀመጥና እንጀራውን ትቆርሳለች፤ ሽሮውን ጠረግ ጠረግ አድርጋ አሳምራ ትጠቀልላለች፤ ከዚያ ጉርሻው ወደ እኔ አፍ ይመጣል።

«እንኪ ሐሙዬ።»

አላምጬ ሳልጨርስ ሁለተኛው ይደርሳል። «አንድ ያጣላል» ትላለች። ሦስተኛም አለ፤ አራተኛም አለ። እማዬ «እንዴት እንደምትወዳት እዩልኝ!» ትላለች። እኔ አፌን ከፍቼ እጠብቃለሁ። እውነትም ትወደኛለች፤ ይህን አንድ ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም። የማኅሌት እጅ ግን አንድም ጊዜ ወደ ራሷ አፍ ሳይሄድ ትሪው ያልቅ ነበር።

ሐምሌ አምስት ፆሙ ተፈታ። እማዬ ዶሮ ሠራች። ማኅሌት ግን እጇን ታጥባ ተቀምጣ፣ «ስእለት አለብኝ፤ ፍልሰታ እስኪያልቅ እቀጥላለሁ» አለች። እማዬ አባዬን አየችው። አባዬ ትከሻውን ነቀነቀ። በእኛ ቤት ሰው ስእለቱን አይጠየቅም፤ ከተጠየቀ ይፈርሳል ይባላል። እንዲህ ሆኖ አንዲት ቃል በሩን ሁሉ ዘጋችው።

የሚገርመው፣ እንደዚያ ክረምት ቤታችን ውስጥ ጥሩ ምግብ ተበልቶ አያውቅም። ማኅሌት ከወጥ ቤት አትወጣም ነበር። ሱፍ ትቆላለች፤ ስልጆ ትበጠብጣለች፤ ዓሣውን በሚጥሚጣ አሽታ ትጠብሳለች። ከዚያ አገጯን በእጇ ደግፋ ስንበላ ታየናለች። «ጣፈጠሽ? ጨው በዛው?» ትለኛለች። የምታበስል ሰው ሽታው ያጠግባታል ስትል ሰማኋትና አመንኳት። ለሳምንት ያህል እኔም ምግቤን ከመብላቴ በፊት አሸትት ነበር፤ አልጠገብኩም።

ብርድ ብርድ ይላት ጀመር። ባሕር ዳር ክረምቱም ቢሆን ሹራብ አያስለብስም፤ እርሷ ሁለት ትደርባለች። ሌሊት እግሯ ሲነካኝ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዘኝና እሸሻለሁ፤ እውነትም ከአልጋው ወደቅኩ፤ እውነትም እርሷ ተወቀሰች። ቁጡ ሆነች። ጓደኞቿ ሲመጡ «የለችም በያቸው» ትለኛለች።

አንድ ቅዳሜ ፀሐይ ብልጭ ስትል፣ ግቢ ውስጥ ጠጉሯን ልትታጠብ ተቀመጠች። ውሃ የማፈሰው እኔ ነበርኩ። የሹራቧን እጅጌ እስከ ክርኗ ስትሰበስብ አየሁት። ክንዷ ላይ ስስ፣ ለስላሳ ጠጉር በቅሏል፤ የጫጩት ላባ ይመስላል። የራሷ ጠጉር ደግሞ በማበጠሪያው እየተነቀለ ይወጣል። እኔ በዘጠኝ ዓመት አእምሮዬ አንድና አንድን ደመርኩ፤ ጠጉሩ ከራሷ ለቆ ወደ ክንዷ እየወረደ ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለንግሥ በጀልባ ሄደን ያየሁት የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ትዝ አለኝ። ልቤ ዘለለ።

«ማኅሌት፣ እንደ አቡዬ ልትሆኚ ነው?»

እጅጌዋን ጎትታ ክንዷን ሸፈነች። «ለማንም እንዳትናገሪ። በእማዬ ሞት በይ።»

«በእማዬ ሞት» አልኩ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ፈርቼ አልነበረም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ጻድቅ በእኛ አልጋ ላይ ተኝታለች። ጠጉሩ ሙሉ አካሏን ሲሸፍን ወደ ደሴቶቹ ትሄዳለች፤ እኔ በጀልባ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ፤ አንበሶቹ የጻድቋን እህት አይነኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉርሻዋን የምቀበለው እንደ ሥራ ነበር። ጻድቅ ምግብ ከፊቷ እንዲነሣላት የሚረዳት ሰው ያስፈልጋታላ! ጉንጬ ሞላ፤ የቀሚሴ ዚፕ እምቢ አለ።

ፍልሰታ ገባ። ፍልሰታ የልጆች ፆም ነው፤ እኔም በዚያ ዓመት ዐሥራ አምስቱን ቀን ሳላቋርጥ ለመፆም ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ተወራርጃለሁ። ቀኑን በጣቴ እየቆጠርኩ ቅዳሴው እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። በሰባተኛው ቀን፣ ሕዝቡ ጃንጥላውን ዘርግቶ በዝናብ ውስጥ ቆሞ ሳለ፣ ማኅሌት የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ወደቀች። ሴቶች ተሯሯጡ። ፊቷን ጠበል ረጯት፤ በነጠላቸው አራገቧት። «የፆም ድካም ነው፤ ምን ያለች የተባረከች ልጅ ናት!» አሉ። ዐይኗን ስትገልጥ ሴቶቹ አሁንም መረቋት።

እኔ ግን ምስጢሩ ሊፈነዳብኝ ደርሷል። በእማዬ ሞት ብዬ ምያለሁ። ሆኖም ለንስሐ አባት የተነገረ ለሰው እንደተነገረ አይቆጠርም ብዬ ከራሴ ጋር ተስማማሁ። ሮጥኩና መምሬ ጥሩነህን ከደጀ ሰላሙ ሥር አገኘኋቸው። የእጅ መስቀላቸውን ተሳልሜ፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ በጆሯቸው ነገርኳቸው።

«መምሬ፣ ማኅሌት ጠጉር አብቅላለች። ክንዷ ሙሉ። እንደ አቡዬ ልትሆን ነው።»

እንዲስቁ ወይም እንዲባርኩኝ ጠብቄ ነበር። ዝናቡ ከክዳኑ ጫፍ ጠብ ጠብ ይላል።

«መቸ አየሽ ልጄ?»

«ፍልሰታ ሳይገባ፣ አንድ ቅዳሜ። የራሷ ደግሞ እየረገፈ ነው።»

«ምሳዋን ትበላለች?»

«ለእኔ ታጎርሰኛለች» አልኩ፤ በኩራት። «ሁሉንም እኔ ነኝ የምበላላት።»

መምሬ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። «እኔ ምን ዓይነት ዕውር ነኝ» አሉ። ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት።

ከቅዳሴ ወጥተው በቀጥታ ቤታችን መጡ። እማዬ ወንበር ስትጠርግላቸው፣ ሳይቀመጡ «ልጅቷ ታማለች» አሉ። እማዬ ደነገጠች፤ ቀጥሎ ተቆጣች።

«አባቴ፣ ልጄ ፆመች ተብላ ልትወቀስ ነው? እርስዎ አይደሉም እንዴ በሰው ፊት ያመሰገኗት?»

«አዎን፣ እኔ ነኝ ያመሰገንሁ» አሉ። «ለዚህ እኔም ንስሐ እገባለሁ። ፆም ግን መግቢያም መውጫም አለው። ሰው ይፆማል፣ ይፈታል፤ ለዚያ ነው ፆም የሚባል። መውጫ የሌለው ነገር ሌላ ስም አለው።» ወደ ማኅሌት ዞሩ። እርሷ ሁለት ሹራብ ለብሳ ግድግዳው ጥግ ተቀምጣለች። «ልጄ፣ ስእለቱን ለማን ተሳልሽ?»

አባዬ «መምሬ የሚሉሽን መልሽ እንጂ!» ብሎ ሊጮህ ሲል በእጃቸው አስቆሙት። ከዚያ ማኅሌት ፊቷን በእጅጌዋ ሸፈነች።

«ለማንም አልተሳልሁም» አለች። «እንዳትጠይቁኝ ብዬ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ልቀንስ ብዬ ነበር። አሁን መብላት እፈልጋለሁ አባቴ፣ ግን አልችልም። ስጎርስ እፈራለሁ።»

እማዬ መሬት ላይ ቁጭ አለች። መምሬ መስቀላቸውን አወጡ። «ስእለትም ቢሆን በተሰጠኝ ሥልጣን ፈትቼሻለሁ። እስክትድኚ ፆም የለብሽም፤ ያንች ቀኖና መብላት ነው። የቀረውን ሐኪም ያውቃል። ተነሡ፣ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።» ባጃጅ ተጠራና እርሳቸው፣ እናትና ልጅ ሆነው ሄዱ። አባዬ በብስክሌት ተከተለ። እኔ ደጃፍ ቆሜ ቀረሁ። ምስጢር ነግሬ ጻድቋን እህቴን በሽተኛ ያደረግኋት መሰለኝ፤ አለቀስኩ።

ልቧ በጣም ቀስ ብሎ ይመታል ተብላ ሆስፒታል ተኛች። በማግስቱ እኔንም ወሰዱኝ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ስትናገር አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። አባዬ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ «እኛ ቤት እህል ጠፍቶ አያውቅም ዶክተር» አላት፤ ያፈረው እሱ ነበር።

«እህል ስለጠፋ አይደለም» አለችው። «ጥጋብም፣ ግትርነትም አይደለም፤ ዐይን በልቷትም አይደለም። በሽታ ነው። ውስጧ ‘አትብዪ’ እያለ የሚያዛት ሐሳብ አለ። ስትቆጧት እሱ ነው የሚበረታው።»

«ጠጉሩስ?» አለች እማዬ በቀስታ።

«በርዷት ነው። ሰውነት ምግብ ሲያጣ ሙቀቱ ያልቅበታል። መላ ሲያጣ ለራሱ ጋቢ ይሸምናል።»

እማዬ የማኅሌትን ክንድ ይዛ ጉንጯ ላይ አደረገችው። እኔ የአልጋውን ብረት ጨበጥኩ። በአንድ አልጋ ስንተኛ፣ እግሯ ስለቀዘቀዘ የሸሸኋት እኔ ነኝ።

«ምግቧን የበላሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያሳመምኳት?»

ሐኪሟ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። «አይደለሽም። በሽታው ብልጥ ነው፤ ትልልቆቹንም አታልሏቸዋል። አንቺ ተናግረሽ ነው እዚህ የደረሰችው። ከዛሬ ጀምሮ ግን ከእጇ አትጎርሺም። እሺ?»

«እሺ» አልኩ። ማኅሌት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በቡሄ ዋዜማ ቤት ገባች። ሕጉ ብዙ ነበር። በሰዓት በሰዓቱ መብላት፤ የራሷ ሳሕን፤ ከበላች በኋላ ሰው አብሯት መቆየት፤ ስለ ምግቡም ስለ ሰውነቷም አለማውራት፤ በየሳምንቱ ሐኪሟ ዘንድ ሄዶ ማውራት። ብቻዋን ግን መብላት አልቻለችም። በማግስቱ ጧት ወተትና እንቁላል ቀርቦላት ሳሕኑን እያየች ሲቀዘቅዝ፣ ሊጠይቋት የመጡት መምሬ ጥሩነህ እኔን ጠሩኝ።

«አብረሻት ብይ።»

«ፍልሰታ ነው!» አልኩ። ሦስት ቀን ነው የቀረኝ። ዐሥራ ሁለት ቀን ፆሜ ወተት! ውርርዱ፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ ሁሉም ታየኝና እንባዬ መጣ።

«አውቃለሁ፤ ያንች ፆም ከእንግዲህ ይኸ ነው። ከአፍሽ የምትቀንሽውን ሳይሆን ከልብሽ የምትቀንሽውን ነው እግዚአብሔር የሚያይልሽ።»

አባዬ ጎረቤት እንዳያይ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። መምሬ ራሳቸው ሄደው መልሰው ከፈቱት። «ይከፈት» አሉ። «መደበቁ ነው እዚህ ያደረሰን።» እኔ ወተቱን ጠጣሁ። ማኅሌት አየችኝ። ውርርዱን ታውቃለች። ብርጭቆዋን አንሥታ ግማሹን ጠጣች።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ቀና ሆነ ብል ውሸት ነው። አባዬ ሁለት ጊዜ «ብይ እንጂ!» ብሎ ጮኸና ሁለቴም ምሳው ከሸፈ። ኋላ ላይ የፋብሪካ ወሬ ማምጣት ለመደ፤ ስለ አንድ ግትር ሞተር ይተርክልናል፤ ሞተሩ ሲነሣ እርሷ ሳታውቀው አራት ጊዜ ጎርሳለች። አንድ ቀን ሳሕኗን ገፍታ «ሁላችሁም እስረኛ አደረጋችሁኝ!» ብላ ጮኸችብን። እማዬ ልብስ እያጣጠፈች አጠገቧ ቆየች። እኔ ከእጇ እንዳልጎርስ የተባልኩትን እጠብቃለሁ። አንዳንዴ ረስታ ትጠቀልልልኛለች፤ ከንፈሬን እገጥማለሁ። ከወተቱ ይልቅ ይህ ከበደኝ። እንደጠላኋት እንዳትቆጥረው እፈራ ነበር።

እንቁጣጣሽ ደረሰ። እትዬ የሽ ከዱርቤቴ መጣች። እማዬ ደጃፍ ላይ ቀድማ ያዘቻት።

«ስለ ሰውነቷ አንድም ነገር እንዳትይ። ከሳሽም፣ ወፈርሽም የለም።»

«ውይ፣ ታዲያ ምን ልበላት?»

«እንዴት ነሽ በያት።»

እትዬ የሽ ገባች፤ ማኅሌትን አየቻት፤ አፏ ተከፈተ፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እንዴት ነሽ» አለች። ሌላ ነገር ጨነቃትና «ዱርቤቴ ዝናቡ በዛ» ብላ ጨመረች። ማኅሌት ሳቀች። ከግንቦት ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እትዬ የሽ ምን እንዳሳቃት ሳይገባት አብራ ሳቀች።

ምሳ ቀረበ። እማዬ የማኅሌትን ሳሕን ለብቻ ስታስቀምጥ፣ «ዛሬ ከእናንተ ጋር ከትሪው ልብላ?» አለች ማኅሌት። እማዬና አባዬ ተያዩ። ቦታ ለቀቅንላት፤ አጠገቤ ተቀመጠች። ትንሽ በላች። ከዚያ እጇ ቆመ። አባዬ ስለ ሞተሩ ጀመረ። እጇ ግን እንደ ድሮው ጠቀለለ፤ አሳምሮ ጠቀለለና ወደ እኔ አፍ መጣ።

ከንፈሬን ገጠምኩ። አባዬ ወሬውን አቋረጠ። ማኅሌት ጉርሻውን መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠች፤ ዐይኗ እንባ ሞላ። እኔ እንጀራ ቆረስኩ፤ እንቁላሉን በጣቴ ሰንጥቄ ጨመርኩበት፤ እንደ እርሷ አላማረልኝም። ወደ አፏ ዘረጋሁ። እጄ ላይ ወጡ ይወርዳል። አየችኝ። አፏን ከፈተች።

ለረጅም ጊዜ አላመጠች። ስትውጥ ሁላችንም ሌላ ነገር የምናይ መሰልን። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አሳረፍኩ። አንዱ በቂ ነው አልኩ በልቤ፤ ሌላ ብጨምር የሚሰበር ነገር ያለ መሰለኝ።

«ሐሙዬ» አለች።

«አቤት።»

«አንድ ያጣላል።»

አፏን ከፍታ ጠበቀችኝ።